በወይን ቅጠል ያጌጡ ጥንታዊ የማይሰን ሳህኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጭ ሳህን ነው። ዙሪያውን አረንጓዴ የወይን ሐረግ ይዞረዋል። አውሮፓ የምትኖሩ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ወይም በጨረታ ቤት ሳታዩት አትቀሩም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከአሠሪዎቹ ወይም ከሽማግሌ ጎረቤት በስጦታ ያገኘዋል። ስለዚህ ሳህን የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሳህኑን ገልብጦ ማህተም ይፈልጋል። እኔ ግን በቅድሚያ ቅጠሉን እዩ እላለሁ። ማህተም በቀላሉ ይኮረጃል፤ ቅጠሉን አስመስሎ መሣል ግን ከባድ ነው።

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳህኑ የየት አገር ሥራ ነው?

የጀርመን፣ የሳክሶኒ። ማይሰን ከድሬስደን ብዙም ሳትርቅ በኤልበ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አውሮፓውያን እውነተኛውን ፖርሴሊን፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈውን ጠንካራ ነጭ ሸክላ፣ የሚያስመጡት ከቻይናና ከጃፓን ነበር። አሠራሩን አያውቁትም። የሳክሶኒው ገዢና የፖላንድ ንጉሥ ኃያሉ አውግስጦስ ደግሞ በፖርሴሊን ፍቅር የተነደፈ ሰው ነው። ወርቅ እሠራለሁ ይል የነበረውን ወጣት፣ ዮሐን ፍሬድሪሽ ቦትገርን፣ ይዞ በቁጥጥር ሥር አዋለው። ቦትገር ወርቅ አልሠራም። ከሳይንቲስቱ ኤረንፍሪድ ቫልተር ፎን ቺርንሃውስ ጋር ሲሠራ ግን በ1708 የነጩ ፖርሴሊን ምስጢር ተገኘ። በ1710 ፋብሪካው ማይሰን ውስጥ በአልብሬሽትስቡርግ ግንብ ሥራ ጀመረ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ግንቡ ተስማሚ ቦታ ነበር። ከ150 ዓመት በላይ እዚያው ቆይቶ፣ በ1860ዎቹ ነው እዚያው ከተማ ውስጥ ወደተሠራለት ሕንፃ የተዛወረው። ፋብሪካው ዛሬም አለ።

ለምን አረንጓዴ ሆነ? ንድፉስ ለምን በ1817 መጣ?

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።

ጠንካራ ፖርሴሊን በመጨረሻ የሚተኮሰው 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ነው። በዚህ እሳት አብዛኛው ቀለም ይበላሻል፤ ወይ ይጠፋል፣ ወይ መልኩን ይቀይራል። ለረጅም ጊዜ ይህን እሳት በአስተማማኝ ሁኔታ ይችል የነበረው ከኮባልት የሚገኘው ሰማያዊ ነው። በአሮጌ ፖርሴሊን ላይ ሰማያዊና ነጭ የሚበዛውም ለዚህ ነው። አረንጓዴ ሲፈለግ ከመዳብ የሚሠራ ቀለም ይቀርብና፣ ልባሱ (ሳህኑን የሚሸፍነው መስተዋት መሰል ሽፋን) ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ላዩ ላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና ይተኮሳል። ያማረ አረንጓዴ ነው። ግን ቢላና ሹካ ሲመላለስበት ይነሳል።

በ1797 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ክሮሚየም የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። የክሮሚየም ኦክሳይድ አረንጓዴ ነው፤ ኃይለኛውን እሳትም ይችላል። በ1817 የማይሰኑ ኬሚስት ሃይንሪሽ ጎትሎብ ኩን ይህን አረንጓዴ ከልባስ በታች ለመቀባት እንዲሆን አድርጎ አዘጋጀው። ኩን ኋላ ላይ የፋብሪካው ኃላፊ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ዮሐን ሳሙኤል አርንሆልድ የወይን ቅጠል አክሊሉን ነደፈ። ቀለሙና ንድፉ አብረው የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ወይኑም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በማይሰን ዙሪያ ያሉት የኤልበ ኮረብታዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ወይን የተተከለባቸው ናቸው።

«ከልባስ በታች» ሲባል ምን ማለት ነው? ቅጠሉስ እንዴት ይሣላል?

ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ከሚባሉ ማዕድናት ጋር ተፈጭተው ይቀላቀሉና ሳህኑ ይቀረጻል። ሲደርቅ መጀመሪያ 900 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ከምድጃው ሲወጣ ደብዛዛ፣ ሻከር ያለና ውሃ የሚመጥ ነው። ሠዓሊው የሚሠራው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። የንድፉ መስመር በመርፌ የተበሳሳበት ወረቀት ሳህኑ ላይ ይደረግና የከሰል ዱቄት ይታሽበታል። ወረቀቱ ሲነሳ በነጠብጣብ የተሠራ መንገድ ይቀራል። ከሰሉ በኋላ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእጅና የብሩሽ ነው። ያልተለበሰው ሸክላ ቀለሙን እንደነካው ይጠጣዋል፤ የተሳሳተ መስመር አጥፍቶ እንደገና መሣል የለም። ሥዕሉ ሲያልቅ ሳህኑ ልባሱ ውስጥ ተነክሮ ወደ ታላቁ እሳት ይገባል። ልባሱ ቀልጦ መስተዋት ይሆናል፤ ቅጠሉም ከሥሩ ይታሸጋል። ሳህኑ ራሱ በዚህ ሁሉ ሂደት አንድ ስድስተኛ ገደማ ይኮማተራል።

እስቲ አንድ ሳህን ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ። አክሊሉን በሙሉ ተዉት፤ አንድ ቅጠል ብቻ ምረጡ። ብሩሹ ጫን ብሎ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴው ጥልቅ ነው። ወደ ጠርዙ እየሳሳ ሄዶ ከነጩ ጋር ሊቀላቀል ይደርሳል። የቅጠሉ ጅማት በጠቆረ ቀጭን መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ሲጀምር ወፈር፣ ሲያልቅ ሹል ይላል። የሐረጉ ጥምዝ ጫፍ አንዳንዴ በአንድ ትንፋሽ የተሣለ መሆኑ ያስታውቃል። አሁን ከዚያው ስብስብ ሌላ ሳህን አምጡና ያንኑ ቅጠል ፈልጉ። ቦታው ያው ነው፤ እጁ ግን ይለያል። በብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ይይዘዋል። አሣሣሉ የታወቀ ነው፣ ሥርዓት አለው፤ ሆኖም የሣለው ሰው እጅ አይጠፋም።

ቀለሙ ከልባሱ በላይ ይሁን በታች እንዴት ልለይ?

ሳህኑን ከብርሃን አንጻር ዘንበል አድርጉት። ከታች ከሆነ ቅጠሉም ነጩም እኩል ያብረቀርቃሉ፤ ብርሃኑ ቅጠሉ ላይ ሲደርስ አይሰበርም። ጥፍራችሁን በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ስታሳልፉት የሚይዘው ነገር የለም። ከላይ የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወይም አብረቅራቂነቱ ከነጩ ይለያል። ያረጀ ከሆነ ደግሞ የተነሳ ቦታ አይጠፋውም።

ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። በድሮ ጊዜ ያልተሣለበት ነጭ የማይሰን ዕቃ ከፋብሪካው ተገዝቶ ውጭ፣ በሌላ ሠዓሊ ቤት ይሣልበት ነበር። ያ ሊሆን የሚችለው ግን ከልባስ በላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ከልባሱ በታች ከሆነ ሳህኑን የሠራው ቤት ነው ሥዕሉንም የሠራው።

በእጅ የተሣለ ነው ወይስ የታተመ?

አጉሊ መነጽር ካላችሁ አውጡት። የታተመ ሥዕል በጥቃቅን ነጠብጣብ ወይም እኩል ውፍረት ባላቸው ጭረቶች የተሞላ ነው፤ በሁሉም ሳህን ላይ አንዱ ቅጠል ከሌላው በፀጉር አይለይም። ሥዕሉ የታተመበትና ወደ ሳህኑ የተላለፈበት ወረቀት የተገጣጠመበት ቦታ ላይ ሐረጉ ተቆርጦ የሚቀጥልበትም ጊዜ አለ። በእጅ የተሣለው ላይ የብሩሽ መነሻና መድረሻ ይታያል። አጉሊ መነጽር ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል።

ማህተሙስ? ሁለቱ ሰይፎች ምን ይናገራሉ?

የተጠላለፉት ሰይፎች ከሳክሶኒ ገዢዎች አርማ የተወሰዱ ናቸው፤ ከ1720ዎቹ ጀምሮ በሰማያዊ ኮባልት ከልባስ በታች በእጅ ይሣላሉ። ጥቃቅን ምልክቶቻቸው ዘመን ለመገመት ይረዳሉ። በእጀታዎቹ መካከል ነጥብ ካለ 1763–1774 ይባላል። ከሥራቸው ኮከብ ካለ ካሚሎ ማርኮሊኒ ፋብሪካውን ከመሩበት ከ1774–1814 ዘመን ጋር ይያያዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና እስከ 1924 ድረስ በእጀታዎቹ ጫፍ ላይ ትናንሽ ጉብታ ያላቸው ሰይፎች የተለመዱ ናቸው። ከ1924–1934 ደግሞ በስለቶቹ ጫፎች መካከል ነጥብ ተደርጓል።

ሻጭ «ይህ የወይን ቅጠል ሳህን ኮከብ አለበት፣ የ1790 ነው» ካላችሁ ተረጋጉ። አረንጓዴው ቀለም የተዘጋጀው በ1817 ነው። ቅጠሉና ማህተሙ ካልተስማሙ የማምነው ቅጠሉን ነው።

ሰይፎቹን የኮረጀ ብዙ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዙ ዉስተር ፋብሪካ እንኳን የተጠላለፉ ሰይፎችን ሥሏል። ሰይፎቹ ከልባሱ በላይ የተቀቡ ከሆነ ወይም በማህተም የተመቱ ከመሰሉ ዕቃውን ተጠራጠሩት።

በሰይፎቹ ላይ የተፋቀ መስመር አለ። ምንድን ነው?

ጉዳት አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ነው ልባሱን በመፋቂያ የቆረጠው። ብዙውን ጊዜ ዕቃው አንደኛ ደረጃ አለመሆኑን ያመለክታል፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ፣ ትንሽ ጥምመት፣ የቀለም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። የመስመሩ ብዛትና ቦታ ትርጉም አለው፤ መስመር በበዛ ቁጥር ደረጃው ዝቅ ይላል። ለሚሰበስብ ሰው ዋጋው ይቀንሳል። ለሚበላበት ሰው ግን እንዲህ ያለ ሳህን ጥሩ ግዢ ነው፤ እኔ ሳላቅማማ እመክረዋለሁ።

«ጀርመኒ» ወይም «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ካለ?

አሜሪካ በ1891 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ያስገድድ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ሳህን በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። «ጥንታዊ» የሚለው ስም በተለምዶ 100 ዓመት ለሞላው ዕቃ ነው የሚሰጠው። የወይን ቅጠሉ ንድፍ ከ1817 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የተሠራ በመሆኑ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ሳህን የአያት ዘመን ይሁን የአባት ዘመን ንድፉ ብቻውን አይነግራችሁም። እዚህ ላይ ነው ማህተሙ የሚጠቅመው።

ፖርሴሊን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መብራት ላይ አድርጉት። እጃችሁን ከጀርባው ስታንቀሳቅሱ ጥላው ካለፈ ፖርሴሊን ነው። ተራ ሸክላ፣ ምንም ያህል ነጭ ቢሆን፣ ብርሃን አያሳልፍም። ከዚያ በጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ በጥፍር ምቱት። ጤነኛው ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ አለው። ድምፁ ከታፈነ የተደበቀ ስንጥቅ ወይም ጥገና ፈልጉ።

ሌሎች ቅጠል የተሣለባቸው የአውሮፓ ሳህኖች አሉ?

አሉ፤ ከሁሉም የሚደንቀው የዴንማርኩ ፍሎራ ዳኒካ ነው። በኮፐንሃገን ፋብሪካ ከ1790 እስከ 1802 ተሠራ። ለሩሲያዋ ንግሥት ለታላቋ ካትሪን በስጦታ ሊላክ ታስቦ ነበር ይባላል፤ እሷ በ1796 ሞተች፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ዮሐን ክሪስቶፍ ባየር የሚባል ሠዓሊ የአገሪቱን ዕፀዋት ከዕፀዋት ጥናት ሥዕሎች እየቀዳ አብዛኛውን ሥራ ሠርቷል። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ፍሬው ሁሉ አለ። የላቲን ስሙ ከጀርባ ተጽፏል። 1,802 ዕቃዎች ተሠርተው አብዛኞቹ እስካሁን አሉ፤ የተወሰኑትን ኮፐንሃገን በሚገኘው የሮዘንቦርግ ቤተ መንግሥት ማየት ይቻላል። እነዚህ ከልባስ በላይ የተሣሉ ናቸው። አንድ ሠዓሊ ጎንበስ ብሎ እንዲህ ለሚያህል ጊዜ ለአረምና ለሣር ክብር መስጠቱ ሁልጊዜ ይነካኛል።

በእንግሊዝ ገበያ ደግሞ የዌጅውድ «ናፖሊዮን አይቪ» በብዛት ይገኛል። እሱም ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ጀርባው ላይ ናፖሊዮን በ1815 በሴንት ሄለና የተጠቀመበት ንድፍ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያል። ቅጠሉ የወይን አይደለም፤ ሳህኑም ክሬም መልክ ያለው ሸክላ እንጂ ፖርሴሊን አይደለም። ብርሃን ላይ ብታደርጉት ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ብበላበት ለጤናዬ ያሰጋል?

የጠንካራ ፖርሴሊን ልባስ ከፌልድስፓር የሚሠራ ነው፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አያስፈልገውም። አረንጓዴውም ከመስተዋቱ በታች ታሽጓል። ስለዚህ ያልተሰነጠቀ፣ ያልተጠገነ የወይን ቅጠል ሳህን ለመብላት የተሠራ ነው፤ ብሉበት። ስጋት የሚመጣው ከልባስ በላይ በተቀቡ ደማቅ ቀለሞችና በአሮጌ ተራ ሸክላ ላይ ነው። እነዚህ እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ ደግሞ እርሳሱን ያወጣዋል። በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች እንዲህ ባለ ዕቃ አታቅርቡ። የተጠገነ ሳህንም ለጌጥ ይቀመጥ፤ ማጣበቂያውና ቀለሙ ለምግብ የተሠሩ አይደሉም።

ወጥ ቢቀርብበት በርበሬና እርድ ያበላሸዋል?

ጤነኛ ፖርሴሊን ምንም አይመጥም። ቀይ ወጥም ሆነ አልጫ ይታጠባል፣ ይለቃል። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ግን ዘይቱ ይገባና ቡናማ መስመር ይሆናል። ልባሱ እንደ መረብ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ሸክላ ደግሞ እርድን ጨርሶ አይለቅም። እንዲያ ያለውን ለዳቦ ወይም ለፍራፍሬ አድርጉት።

እንዴት ልጠበው?

ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ስፖንጅና በተራ ፈሳሽ ሳሙና። መታጠቢያው ውስጥ ፎጣ አንጥፉ። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ያረጀ ስንጥቅ ይከፍታል። በረኪና በፍጹም አይነካው።

የወርቅ ጠርዝ ያለው ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ማይክሮዌቭም አይግባ። ወርቁ ከልባስ በላይ ስለሆነ በማሽን ይነሳል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ቅጠሉን ማሽን አይጎዳውም፤ ሆኖም ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ይሸረፋልና 100 ዓመት የቆየ ዕቃ በእጅ ቢታጠብ እመርጣለሁ።

ሳህኑ ላይ የሚታዩት ግራጫ ጭረቶች ብዙ ጊዜ ጭረት አይደሉም። ከቢላው የተፋቀ ብረት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ ብታሹት አብዛኛው ይለቃል። ወርቁን ግን አታስነኩት።

ቡፌ ውስጥ ስትደረድሩ በየሳህኑ መካከል ለስላሳ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይኑር። ከሥር ያለው ክብ እግር ብዙ ጊዜ ያልተለበሰና ሻካራ ስለሆነ ከታቹ ያለውን ሳህን ፊት ይፍቀዋል።

የተደበቀ ጥገናን እንዴት ላግኝ?

አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ርካሽ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሩበት የተጠገነው ቦታ ከቀረው በተለየ መልክ ይታያል። ጠርዙን በጣታችሁ ዙሩት፤ የተሞላ ሽራፊ ከፖርሴሊኑ ይልቅ ሞቅና ለስለስ ያለ ሆኖ ይሰማችኋል።

ዋጋው እንዴት ይወሰናል?

ተራ የእራት ሳህኑ ብዙ ስለተሠራ ብርቅ አይደለም። ክዳን ያለው ትልቅ የሾርባ ማቅረቢያ፣ ክብ የኬክ ማቅረቢያና ያልተለመደ ቅርጽ ያለው ዕቃ ይበልጣል። ሽራፊ፣ ስንጥቅና የተፋቀ መስመር ዋጋ ይቀንሳሉ። የተሟላ ስብስብ ከተበታተነ ይሻላል። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ሻጩ የሚመኘው ነው፤ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ። በተረፈ አሣሣሉ ያማረውን ምረጡ። ሁለት ሳህኖች በአንድ ዋጋ ከቀረቡ፣ አንዱ የተሻለ ማህተም፣ ሌላው የተሻለ ቅጠል ካለው፣ እኔ ቅጠሉን ይዤ ነው የምሄደው።

ከስብስቤ ሁለት ሳህን ጎደለ። የሚመሳሰል ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል። ንድፉ ለረጅም ዘመን ስለተሠራ ተተኪ ይገኛል። ስፋቱን በሴንቲሜትር ለኩ፣ የወርቅ ጠርዝ መኖሩን እዩ፣ የጠርዙን ቅርጽ ፎቶ አንሱ። አረንጓዴው ግን ከዘመን ዘመን፣ ከምድጃ ምድጃ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከቻላችሁ አንዱን ሳህናችሁን ይዛችሁ ሂዱና በቀን ብርሃን አስተያዩ።

አገር ቤት ልወስደው ነው። እንዴት ልሸክፈው?

እያንዳንዱን ሳህን በለስላሳ ወረቀት፣ ከዚያ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልሉ። ጋዜጣ በቀጥታ አታስነኩት፣ ቀለሙ ወርቁ ላይ ይለጠፋል። ካርቶን ውስጥ አታንጋልሏቸው፤ በጎናቸው አቁሟቸው። በጎኑ የቆመ ሳህን ግፊት የተሻለ ይችላል። በሁሉም በኩል ቢያንስ አራት ጣት የሚያህል ማለስለሻ ይኑር፤ ካርቶኑን ስትነቀንቁት ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ስኒና ክዳን ለየብቻ ይጠቅለሉ፤ ክዳኑ ማሰሮው ላይ ተቀምጦ አይጓዝ። ጥቂት ከሆኑ የእጅ ሻንጣ ውስጥ አድርጉ፤ ደረሰኙም አብሯችሁ ይሁን፣ ጉምሩክ ላይ ይጠየቃል።